በሳቅ ሰዓት የመጣ ይቅርታ

«ከጨዋታው በፊት ና» ብላው ነበር ሎአታ። «ከጨዋታው በኋላ ከሆነ ግን ጨርሶ አትምጣ።»

ይህን ያለችው ባለፈው ሳምንት፣ በከተማው አውቶቡስ ማቆሚያ፣ የታሮ ሥር እስር በራሳቸው ላይ ተሸክመው በሚተላለፉ ሴቶች መካከል ቆማ ነው። ሴሬማያ ምክንያቱን አልጠየቃትም። ራሱን ወደ ጎን ዘንበል አድርጎ ጠበቃት። ሲጠብቅ እንዲህ ነው።

«ካሸነፋችሁ በኋላ ብትመጣ አባቴ ትዕቢት ነው ይላል። ከተሸነፋችሁ በኋላ ብትመጣ ልመና ነው ይላል። እንደ ሰው የምትታየው ከቅዳሜ በፊት ብቻ ነው። ሽማግሎችህን ይዘህ ና፤ መጀመሪያ ስለ ወንድሜ ጉልበት፣ ከዚያ ስለ እኔ።»

«እምቢ ቢሉኝስ?»

«እንግዲያው ሰኞ በጀልባው እሄዳለሁ።»

ነርስ ናት ሎአታ። ሩቅ ደሴት ላይ ያለ ጤና ጣቢያ ሰው ጎድሎበት ዝውውሩ ከቀረበላት ሰንብቷል፤ መልሷን ሰኞ ጠዋት፣ ጀልባው ከመነሳቱ በፊት ትሰጣለች። ሴሬማያ ይህን ሲሰማ አልተከራከራትም። ጉሮሮው አንዴ ወደ ላይ ወጥቶ ሲወርድ ብቻ አየች። ሰውን ከቃሉ በፊት በሰውነቱ ማንበብ ሥራዋ ነበርና ያን ጉሮሮ ሳምንቱን ሙሉ ስታስታውሰው ሰነበተች።

ዋይቶሎ የወንዝ ሰዎች ናቸው፤ ኮሮንዱ የባሕር ሰዎች። ሁለቱ የሚተያዩት በወንዙ አፍ ግራና ቀኝ ነው፤ በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ በራግቢ ሜዳ ላይ። ዘንድሮ ዋንጫው በዋይቶሎ እጅ ነው፤ ነገ ቅዳሜ ኮሮንዱዎች ሊወስዱት ይመጣሉ። ከሦስት ዓመት በፊት በዚሁ ጨዋታ የኮሮንዱው ሴሬማያ የሎአታን ወንድም ኢሊሶኒን እየሮጠ ሳለ ወገቡን ይዞ ጣለው። አወዳደቁ ክፉ ነበር፤ ጉልበቱ ተሰበረ። ከስክረሙ፣ ሁለቱ ቡድኖች ትከሻ ገጥመው ከሚገፋፉበት ክምር ሥር፣ ኳስ እያሾለከ የሚያወጣው የዋይቶሎ ዘጠኝ ቁጥር ከዚያ ቀን ወዲህ በምርኩዝ ነው የሚሄደው።

ዳኛው ፊሽካ አልነፋም፤ የሚነፋበት ጥፋትም አልነበረም። የኮሮንዱ ሽማግሎች እዚያ ላይ ቆሙ። «ጥፋት ሳይኖር ይቅርታ ከጠየቅን፣ ጥፋት ፈጠርን ማለት ነው» አሉ። የሎአታ አባት ኮሊኒዮ ደግሞ ስለ ጥፋት አንድም ቀን አላወሩም። እሳቸው ራሳቸው በዘመናቸው የፊት መስመር ገፊ ነበሩ፤ ሁለት ጆሯቸው በስክረም ተጨፍልቆ እንደ ደረቀ እንጉዳይ የተሸበሸበ ሰው ናቸው። የጠበቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይቅርታ የሚለመንበትን የዓሣ ነባሪ ጥርስ ይዞ፣ ተንበርክኮ፣ ወንዙን የሚሻገር ሰው። አልመጣም።

ሴሬማያ ግን ብቻውን መጥቶ ነበር፤ ወደ ሆስፒታሉ። የጨዋታው ጭቃ ከክርኑ ሳይለቅ በኢሊሶኒ ክፍል በር ላይ ቆሞ ሎአታ አገኘችው። «ተኝቷል» ብላ መለሰችው። በማግስቱም መጣ፤ በማግስቱም «ተኝቷል» አለችው። ከብዙ ቀን በኋላ ያንን ቃል ስትናገር ድምፁ ከእሷ የማይወጣ እስኪመስላት ድረስ ለሰለሰባት።

*

ዓርብ ከቀትር በኋላ በዋይቶሎ የቆርቆሮ ዳስ ሥር ምንጣፍ ተነጠፈ። ለመጠጥ የሚሆነው የካቫ ሥር ተወቅጦ፣ በውሃ ታሽቶ፣ ባለ እግሩ የእንጨት ገንዳ መሃል ላይ ተቀመጠ። ጨዋታው ነገ ቢሆንም የመንደሩ ደጋፊዎች ከአሁኑ በወሬ ሁለት ጊዜ አሸንፈው አንድ ጊዜ ለጥቂት ተሸንፈው ነበር።

«ስክረሙ ላይ ነው የምንበላቸው» አሉ የሎአታ አክስት ቫሲቲ፣ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው እየመቱ። «ዘንድሮ የፊት መስመራቸው ቀጭን ነው። በጎን ሲቆሙ የሚታየው ጥላቸው ብቻ ነው!»

«ኔኔ፣ ቀጭን አይደሉም» አላቸው ኢሊሶኒ አክስቱን። መጫወት ቢቀርበትም ጨዋታውን እንደ እሱ የሚያነበው የለም፤ ሲናገር ሰው ሁሉ የሚጠጣበትን ቅል ያስቀምጣል። «ዝቅ ብለው ነው የሚገቡት። ስምንት በስምንት ሲገፋፉ ዝቅ ያለው ነው የሚያነሳው፤ ከላይ የሚጫነው በአፍንጫው ይደፋል። ግን ጨዋታውን የሚወስነው ስክረሙ አይደለም።» በምርኩዙ ጫፍ ምንጣፉ ላይ ሁለት ምሰሶ ሣለ። «ነፋሱ ነው። ከምሳ በኋላ ከባሕር ይነሳል፣ የሸንኮራው ማሳ ያዞረዋል። ኳሷ ምሰሶው ጋ ስትደርስ ወደ ግራ ትሸሻለች። ይህን ያወቀ መቺ ካላቸው፣ በየቅጣት ምቱ ሦስት ሦስት ነጥብ እየለቀመ ይጨርሰናል።»

«አላቸው እንዴ?» አለ አንዱ ከኋላ።

ኢሊሶኒ ምርኩዙን ከምንጣፉ አነሳ። «አንድ አላቸው።»

ስሙን ማንም አላነሳም። ኮሊኒዮ በዳሱ ራስጌ እንደ ተቀመጡ የያዙትን የኮኮናት ቅል በጣቶቻቸው መካከል አዞሩት፤ ሳይጠጡ መልሰው አስቀመጡት። ሎአታ ከአክስቷ ጀርባ ሆና ያችን የቅል መዞር አየች። አባቷ ሲናደዱ አይጮሁም፤ እጃቸው ሥራ ያገኛል።

ከጠዋት ጀምሮ መንገዱን ስታይ ውላለች። ለይቅርታ የሚመጡ ሰዎች እንዴት እንደሚመጡ ታውቃለች፤ በእግራቸው፣ ሽርጣቸውን አስተካክለው፣ ዝም ብለው ነው። ለይቅርታ የሚመጣ ሰው አይዘፍንም።

ከመንገዱ በኩል የተሰማት ግን ዘፈን ነበር።

«መጡ ዓሣ በላተኞቹ!» ብለው ቫሲቲ ብድግ አሉ፤ ዳሱ በሳቅ ተናጋ። በጨዋታው ዋዜማ ፈታኙ ወገን ወደ ባለ ዋንጫው መንደር መጥቶ መሳደቡ፣ ባለ ዋንጫውም ተቀብሎ መሳደቡ የቆየ ወግ ነው። ወንዝና ባሕር «ታኡ» ተባብለው ይጠራራሉ፤ ታኡ የቀልድ ዘመድ ነው፣ የፈለገውን ይላል። ካቫው ከተቀዳ ጀምሮ እንግዶቹ እስኪነሱ ድረስ ያለው የሳቅ ሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት የተቆጣ ሰው ስሙ መሳቂያ ሆኖ ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

የጭነት መኪናው ቆመ። የኮሮንዱ ሰዎች እየዘለሉ ወረዱ። ከመካከላቸው አንዱ ሴሬማያ ነበር። ሰማያዊ መለያውን ለብሷል። አንዱ የነገረው ነገር አስቆት ጥርሱ ይታያል። እጁ ባዶ ነው።

ሎአታ ሦስት ጊዜ እጁን አየችው፤ ባዶ ነው። ከቅዳሜ በፊት ና ብትለው መጣ፤ የመጣው ግን ከቀልደኞቹ ጋር ነው። ማንም የማይቆጣበትን ቀን መርጦ፣ ቃሉን በመጠበቅ ስም ቃሉን አፍርሶ። ዓይኖቻቸው በሰው ትከሻ መሃል ተገናኙና ሳቁ ከፊቱ ረገፈ። እሷ ቀድማ ዓይኗን ነቀለች። ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ቀስ ብሎ በሩን ሲዘጋ ተሰማት።

*

የእንግዶቹ አፈ ጉባኤ ሽማግሌው ቪሊሞኔ ናቸው። እሳቸው «ሰው ሞተ» ብለው ቢያረዱ እንኳ ግማሹ ሰው ከመሳቅ አይመለስም፤ እንዲህ ዓይነት ፊት ነው ያላቸው።

«ዋይቶሎዎች!» አሉ ገና ሳይቀመጡ። «ውሃ ጉልበታችሁ ድረስ ሲመጣ ዋና ቻልን የምትሉ ዘመዶቼ! ዋንጫውን በደህና አስቀመጣችሁልን?»

«ታኡ ቪሊሞኔ፣ ስለ ዋንጫው ተወውና መኪናችሁ ወንዙ ዳር ቆማ የኛ ልጆች አይደሉ የገፏት?» አሉ ቫሲቲ።

«ገፍተዋል፣ አልክድም። ለሚገፋ ሰው ነገ ብዙ ሥራ አለ። ግን የናንተ ልጆች ወደ ኋላ መሄድ እንጂ መግፋት ከየት ተማሩት?»

«ስክረም ስትገቡ እንደ አሮጌ ጀልባ ስትንቋቁ ሰምተው፣ ገፋ ሲያደርጓችሁ!»

ዳሱ በጭብጨባ ተንቀጠቀጠ። ቅሉ ዞረ። ኢሊሶኒና አንድ የኮሮንዱ ደጋፊ ስለ ነፋሱ መከራከር ጀመሩ። ሰውየው ነፋስ የሚባል ነገር ወንዝ ዳር እንደማይነፍስ ሲምል፣ ኢሊሶኒ ከሰውየው አሻግሮ አየ።

«እስቲ መቺያችሁ ይንገረን» አለ። «ኳሷ ወደ የት ትሄዳለች፣ ታኡ?»

በሦስት ዓመት ውስጥ ለሴሬማያ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ነበር። የሳቁ ድምፅ ሳሳ። ኮሊኒዮ ቀና አላሉም።

«ወደ ግራ» አለ ሴሬማያ። «አንተ አታውቀውም ብዬ ነበር የመጣሁት። ለካ አንተም ታውቃለህ።»

«ከማወቅ በቀር ምን ሥራ አለኝ?»

ሰዉ ሳቀ። ቀልድ ነው፤ የሳቅ ሰዓት ነው። ሎአታ ግን የሴሬማያን አንገት ነበር የምታየው። ከጆሮው በታች ያለው የደም ሥር ለቀልድ ከሚገባው በላይ ይዘል ነበር።

በዚህ መሃል ቪሊሞኔ ሽርጣቸውን ሰብስበው በጉልበታቸው ወደ ኮሊኒዮ ተጠጉ፤ ሰዉም የሚመጣውን ያውቃልና ከወዲሁ መሳቅ ጀመረ። ከብብታቸው ከካሳቫ ሥር የተቀረጸ፣ በሣር ገመድ የታሰረ የውሸት ጥርስ አወጡ። በየዓመቱ ዋንጫው የሚለመነው በዚህ ነው።

«ታላቁ ታኡ፣ ይህን ክቡር ጥርስ ተቀብለህ ዋንጫችንን መልስልን። ዓሣ ነባሪው ገና ሕፃን ነበር፣ እናቱም አሁን ድረስ ታለቅሳለች።»

ኮሊኒዮ ተቀበሉት። አገላበጡት። ነከሱት። ወጉ ነውና ፊታቸውን አጨማደዱ። «አልበሰለም!» አሉ። «እንደ ቡድናችሁ!»

ቆርቆሮው ሳቁን አስተጋባ። ሎአታም ሳታስበው ከንፈሯ ላላ። ቪሊሞኔ ግን ወደ ቦታቸው አልተመለሱም። እዚያው ዝቅ አሉ፤ ከበፊቱም ይበልጥ። በሁለተኛው ብብታቸው ሥር በቅርፊት ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ነበር፤ ቀስ ብለው ፈቱትና በሁለት መዳፋቸው ዘረጉት።

«አሁን ደግሞ ታሮ ነው?» አለ አንዱ። ሰዉ እንደ ገና ፈነዳ።

«ይህ ስለ ልጅህ ስለ ኢሊሶኒ ጉልበት ነው» አሉ ቪሊሞኔ። ድምፃቸው ተለውጧል፤ ፊታቸው ግን ያው የተለመደው ፊት ነው፤ ስለዚህ ሳቁ ባሰ።

ያልሳቀችው ሎአታ ብቻ ነበረች። የጥርሱን መልክ አይታ ነበር። ከዘመናት የእጅ ቅባት የተነሳ የወየበ፣ እንደ ማር ቀለም ያለው፤ ገመዱም ሣር ሳይሆን የተጎነጎነ ጥቁር ክር ነው። እውነተኛ ነው። ከኋላቸው ሴሬማያ ግንባሩ ምንጣፉን ሊነካ ተደፍቷል። ባዶ እጁን የመጣው ለካ፣ ወጉ እንደሚያዘው፣ ጥርሱን ለሽማግሌ አስይዞ ነው። የዘጋችው በር ምን ያህል ቸኩላ እንደዘጋችው ገባት።

ኮሊኒዮ ፈገግ እንዳሉ እጃቸውን ዘረጉ። ጥርሱን በእጁ የነካ ሰው የተጠየቀውን ተቀብሏል፤ ከዚያ ወዲያ መመለስ የለም። ጣታቸው ጥርሱ ሊደርስ ሲል ቆመ። ዓይናቸው አየው። ፈገግታው ከፊታቸው ሲጠፋ የፊተኛው ረድፍ ዝም አለ፣ ቀጥሎ ሁለተኛው፤ ከኋላ ያሉት ብቻ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ትንሽ ሳቁ፣ እነሱም አቆሙ።

እጃቸውን መልሰው ጭናቸው ላይ አኖሩ።

«ዛሬ?» አሉ ኮሊኒዮ። «በሳቅ ሰዓት?»

ቪሊሞኔ ጥርሱን እንደ ዘረጉ አንገታቸውን ደፉ።

«ሦስት ዓመት ነበረ። በውስጡ ስንት ሰኞ ነበረ፣ ስንት ማክሰኞ ነበረ። ሰው በማይቆጣበት ሰዓት ይዛችሁ የመጣችሁት ብቀበል በሳቅ እንድቀበል ነው። ብመልሳችሁ ደግሞ ‹ቀልድ ነበር› ብላችሁ መኪናችሁ ላይ ትወጣላችሁ። ሁለት በር ከፍታችሁ ነው የመጣችሁት፣ ቪሊሞኔ። ይቅርታ ሁለት በር የለውም።»

ታኡ አላሏቸውም። በስማቸው ጠሯቸው። የቫሲቲ እጅ ወደ አፋቸው ሄደ።

ያኔ ሴሬማያ ቀና አለ። ይቅርታ የሚጠየቅለት ወጣት አይናገርም፤ አንደበቱ ሽማግሌው ናቸው። እሱ ግን ተናገረ።

«አባቴ፣ ሰዓቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ሽማግሎቻችን ከዛሬ በቀር አንሻገርም አሉኝ። ከሚቀሩ ይምጡ ብዬ እሺ አልኩ። ሁለት በር ያሉት እውነት ነው። እኔም ከመኪናው ስወርድ እየሳቅሁ ነበር፤ ፈርቼ።» ሁለት መዳፉን ምንጣፉ ላይ አኖረ። «አንዱን በር ልዝጋው። እኔ ዛሬ ታኡ አይደለሁም። ታኡነቴን እዚህ ምንጣፍ ላይ ትቼዋለሁ። ይቆጡኝ።»

ከኮሮንዱዎች አንዱ «ሴሬማያ!» ብሎ መለያውን ጎተተው። ታኡነቱን የተወ ሰው ዘመድነቱን ነው የተወው፤ ከዚያ ወዲያ በዚያ ዳስ ሥር እንደ ማንም ባዳ ይሰደባል፣ እንደ ማንም ባዳ ይመታል። ሴሬማያ እጁን አስለቀቀና ባለበት ጸና።

ሎአታ የአክስቷን ትከሻ ያዘች። እንዲህ አላለችውም። ሽማግሎችህን ይዘህ ና ነው ያለችው፤ ራስህን አምጥተህ ጣል አላለችውም።

ኮሊኒዮ ወደ እሱ ዞሩ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ በቀስታ ወጣ።

«መውደቁ አልቆጨኝም» አሉ። «ራግቢ ነው። እኔም በዘመኔ ሰው ሰብሬአለሁ። የሰበርኩት ሰው ቤት ሳልሄድ የቀረሁበት ቀን ግን የለም። አንተን ስጠብቅ ምን እሠራ እንደነበር ልንገርህ? ያንን የሚያህል ጎልማሳ ልጄን በጀርባዬ አዝዬ ወንዝ እወርድ ነበር፣ ላጥበው። ሲያፍር ዓይኑን ይጨፍናል። እኔም እጨፍናለሁ፣ ያላየሁት እንዲመስለው። ሁለታችን ተጨፋፍነን ስንተጣጠብ ከማዶ ምን እንሰማ ነበር? ዘፈናችሁን። ዋንጫ አግኝታችኋላ!» እጃቸው የካሳቫውን ጥርስ ጨፈለቀው፤ ነጩ በጣቶቻቸው መካከል ወጣ። «በየምሽቱ ያችን ወንዝ አያት ነበር። ይህች ጠባብ ወንዝ! ሕፃን ይሻገራታል!»

ሴሬማያ ጉንጩ እርጥብ ነበር፤ አልጠረገውም።

«እውነት ነው» አለ።

የምርኩዝ ጫፍ ምንጣፉን መታ።

«ታታ» አለ ኢሊሶኒ ወደ አባቱ ዞሮ። «ስለ ጉልበቴ ከሆነ እኔም ልናገር።»

«ተናገር።»

«ሽማግሎቹ አልመጡም፤ ልክ ነዎት። እሱ አልመጣም ግን አይበሉ። ሆስፒታል በክፍሌ በር ላይ ቆሞ ነበር። በማግስቱም ቆሞ ነበር። ሎአታ ‹ተኝቷል› እያለች ትመልሰው ነበር። ተኝቼ አልነበረም።»

ሎአታ ፊቷ ነደደ።

«ታዲያ ምነው ዝም አልከኝ?» አሉ ኮሊኒዮ።

«መጀመሪያ ጠልቼው ነበር። በኋላ ደግሞ…» ኢሊሶኒ ወደ እህቱ አየ፤ ከንፈሩ ባንድ ወገን ተነሳ። «በኋላ ቤት ገባሁ፤ እግሬን ላሳይ ሆስፒታል ስመላለስ ይህ ሰው አሁንም በሩ ላይ አለ። ፋሻዬ ተፈታ፤ እሱ አልተፈታም። ያኔ በሽተኛው እኔ እንዳልሆንኩ ገባኝ።»

አንድ የታፈነ ሳቅ ከሴቶቹ በኩል አመለጠና ወዲያው ሞተ። የዳሱ ዓይን ሁሉ ዞረ። የአባቷ ዓይን መጨረሻ ላይ ዞረ፤ ከሁሉም የከበዳት እሱ ነው።

«ሎአታ?»

ምንም ማለት ትችል ነበር። «አላውቅም» ማለት ትችል ነበር፤ ሰኞም ጀልባዋ አለች። ይሄኔ አንድ ነገር ተገለጠላት። ሴሬማያን በሁለት መንደር ፊት አቁማ፣ ሽማግሎቹን አስለምና፣ ታኡነቱን እስኪጥል ድረስ አጣድፋ፣ ራሷ ግን እስከ አሁን ከአክስቷ ጀርባ ተቀምጣለች። እሱ በሩን ሲዘጋ እሷ ጀልባዋን ከፍታ አስቀምጣለች።

ተነሳች።

«አዎ ታታ» አለች። ድምፅዋ ተሰበረና እንደ ገና ጀመረችው። «ከቅዳሜ በፊት ካልመጣህ አትምጣ ያልኩት እኔ ነኝ። ካልመጣህ ከዚህ አገር እሄዳለሁ ብዬ አስጨነቅሁት። ሰዓቱ ያለ ቦታው ከሆነ ግማሹ የኔ ነው። እኔንም ይቆጡኝ።»

ሴሬማያ ፊቱን ወደ እሷ አዞረ። ሦስት ዓመት ሙሉ በመተላለፊያና በአውቶቡስ ማቆሚያ፣ በሰው ትከሻ መሃል ሲሰርቁት የኖሩትን እይታ፣ አሁን በሁለት መንደር ፊት ሳይሰርቁት ተያዩ። እንዲህ እንደሚያም ቀድሞ የነገራት የለም።

*

ከባሕር የተነሳው ነፋስ የዳሱን ቆርቆሮ አንቋቋው። ቪሊሞኔ አሁንም ተንበርክከዋል፤ የተዘረጋ ክንዳቸው ዝሏል።

«ኮሊኒዮ፣ ክንዴ…» አሉ በሹክሹክታ።

«ያዘው። ሦስት ዓመት ያልያዝከው ነው።»

ቪሊሞኔ ያዙት። ኮሊኒዮ ልጃቸውን አዩ፤ ከዚያ ሴት ልጃቸውን፤ ከዚያ ምንጣፉ ላይ የተደፋውን ወጣት። ሎአታ የአባቷን እጆች ተመለከተች። ሥራ ፈትተው፣ መዳፋቸው ወደ ላይ ዞሮ፣ ጭናቸው ላይ ነበሩ። አባቷን እንዲህ አይታቸው አታውቅም።

ኮሊኒዮ ጥርሱን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ።

መዳፋቸውን ጎድጎድ አድርገው በቀስታ አጨበጨቡ፤ ዳሱ ሁሉ ተከተላቸው፣ እንደ ሩቅ ዝናብ ያለ ድምፅ። ኢሊሶኒ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ሲገልጠው ወደ ሴሬማያ ራሱን ነቀነቀ፤ አንድ ጊዜ ብቻ።

«ይህ ስለ ጉልበቱ ነው» አሉ ኮሊኒዮ። «ከዚህ ጋር ሌላ ነገር አልተቀበልኩም።»

«ሌላ ነገር ማን ጠየቀ?» አሉ ቪሊሞኔ ክንዳቸውን እያሹ፤ የድሮው ድምፃቸው ተመልሷል።

«እሱ ነዋ! ከመጣ ጀምሮ ካቫ ሳይሆን ልጄን ነው የሚያየው!»

ሳቁ በእንባ የተነከረ ነበር፤ ቫሲቲ በሽርጣቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ኮሊኒዮ እጃቸውን አነሱና ዝም አሰኙ።

«ሰኞ ና» አሉ ለሴሬማያ። «ሽማግሎችህ ካልመጡ ብቻህን ና። ብታሸንፉም ና፣ ብትሸነፉም ና። እኔ የማየው አመጣጥህን ነው። እስከዚያ ታኡነትህን ከምንጣፌ ላይ አንሳው፤ ሰው ይረግጠዋል።»

«ሰኞ ግን እኮ…» አለች ሎአታ፤ ጀልባው ትዝ ብሏት። ማንም አልሰማትም። የጀመረችውን ቃል ለራሷ ዋጠችው፤ ሲወርድም አልከበዳትም።

እንግዶቹ ሊነሱ ሲሉ ወጉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። የመንደሩ ሴቶች ሽቶ ያለው ነጭ ዱቄት በመዳፋቸው ይዘው እየሳቁ በተቀናቃኞቹ ፊት ላይ ይቀባሉ፤ እየቀቡም ይረግማሉ። ቫሲቲ ቪሊሞኔን እስከ ጆሯቸው አነጧቸው። ሎአታ በረድፉ ስትሄድ አንዱን ቀባች፣ ሌላውን ቀባች። ከዚያ ሴሬማያ ፊት ደረሰች።

በሰው ፊት ነክታው አታውቅም። መዳፏን ጉንጩ ላይ አኖረችው። እንባው የሄደበት መስመር ዱቄቱን ሳበው። ከጆሮው ሥር ያለው ትርታ ጣቷን መታው፤ ልትቆጥረው ሞክራ ቁጥሩ ጠፋባት።

«ነገ ምትህ ሁሉ ይሳት» አለችው ጮክ ብላ፤ ወጉ እንደሚያዘው።

«አሜን አልልም» አለ። ቀጥሎ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ጀልባውስ?» አላት።

«ያለኔ ይሂድ።»

«ሎአታ!» ብለው ቫሲቲ ከወዲያ ጮኹ። «ለሌሎቹም ዱቄት አስተርፊላቸው እንጂ!»

ሳቁ ሲነሳ እጇን አነሳች። መኪናው እየተገፋ ተነሳ፣ ዘፈኑም እንደ ገና ጀመረ፣ እየራቀ ሄደ። ዳሱ ሥር የዋይቶሎ ደጋፊዎች ወደ ነፋሱና ወደ ስክረሙ ተመለሱ፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ ያወራል። ሎአታ ከመካከላቸው ተቀመጠች። ነገ ለዋይቶሎ እንደምትጮህ ታውቃለች፤ ድምፅዋ እስኪዘጋ ትጮሃለች። የማታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱ ኳሱን ሣሩ ላይ አቁሞ፣ ነፋሱን አይቶ፣ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ሲሸሽ፣ ያን ጊዜ ትንፋሿን የት እንደምታኖረው።